አልጋ ያላት ሯጭ

ሎስ አንጀለስ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ የማያስከፍል ሱስ ይዞኛል፤ ፌርፋክስ ላይ ቡናዬን ጠጥቼ ማሪና ዴል ሬይ እወርድና የሰው ጀልባ አያለሁ። ከባለ ሸራ ጀልባ ባለቤቶች ጋር ወሬ ከጀመርን፣ አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነው፦ «የኔዋ እኮ ትሮጣለችም፣ ይታደርባታልም!» ለሁለቱም እሆናለሁ የሚል ዕቃ እጠረጥራለሁ። ሶፋም አልጋም ነኝ የሚለው ዕቃ የስንቱን እንግዳ ወገብ እንደሰበረ እናውቃለን። እናም ሩጫንና አልጋን ማን አጋባቸው ብዬ ማጣራት ያዝኩ።

አንደኛው ሽማግሌ የውድድር ደንብ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የባህር ተጓዦች ክለብ ባወጣው ደንብ፣ የተለያዩ ጀልባዎች እንደ ልካቸው ሰዓት እየተቀነሰላቸው አብረው ይወዳደሩ ነበር። የደንቡ ሐሳብ ሰው የሚኖርባት፣ ማዕበል የምትችል ጀልባ ትወዳደር የሚል ነበር። ባዶ ቅርፊት ይዞ መምጣት አያዋጣም ነበር።

ሁለተኛው ሽማግሌ ፋይበር ግላስ ነው። በእንጨት ዘመን እያንዳንዷ ጀልባ የአናጢ እጅ ሥራ ስለነበረች የሀብታም ንብረት ነበረች። ሬይ ግሪን የተባለ ሰው በ1942 ኦሃዮ ውስጥ ትንሽ የፋይበር ግላስ ጀልባ ሠራ። በ1959 ደግሞ የአጎት ልጆች የሆኑት ክሊንተንና ኤቨረት ፒርሰን የሠሯት ባለ 28 ጫማዋ ትራይተን ኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀረበች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የመስታወት ክር ጨርቅ በሙጫ እየነከሩ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ መደረብ። ሲደርቅ ቅርፊቱ ይወጣል፣ ቅርጽ ማውጫው ቀጣይዋን ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ከሚገባው በላይ ወፍራም ነበሩ። መስታወት ይሰበራል ሲባል ያደገ ሰው ቢያወፍረው አይፈረድበትም።

ጋብቻው የሰመረው ግን ቢል ላፕዎርዝ በ1963 በነደፋት ካል 40 ነው ባይ ነኝ። ጄንሰን ማሪን እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኮስታ ሜሳ ውስጥ ሠራት። ርዝመቷ 12 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 6.8 ቶን ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ 2.7 ቶኑ እንዳትገለበጥ ከታች የሚይዛት ማመዛዘኛ ነው። በዘመኗ ይህ ቅለት ድፍረት ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ጀልባዎች ከሆዳቸው ሥር ኪል የሚባል ረጅም ክንፍ ነበራቸው፤ መሪውም የዚያው ጭራ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ላፕዎርዝ ኪሉን አሳጠረና መሪውን ነጥሎ ወደ ኋላ አራቀው። ውሃ የሚጎትተው ገላዋ አነሰ፤ መሪውም ከመዞሪያዋ ስለራቀ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ትታዘዛለች። ባህር ላይ ያረጁ ሰዎች ግን ብቻውን የተንጠለጠለ መሪ አላማራቸውም።

ጥርጣሬው የጠራው ፓሲፊክ ላይ ነው። ከሎስ አንጀለስ ሆኖሉሉ የሚደረገው የትራንስፓክ ውድድር 2,225 የባህር ማይል ነው፤ አብዛኛውን መንገድ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል። ከባድ ጀልባ የራሷ ሞገድ መካከል ትታሰራለች። የካል 40ም የፍጥነት ልክ በስሌት በሰዓት ሰባት ተኩል የባህር ማይል አይሞላም። እሷ ግን ማዕበል ከኋላ ሲያነሳት አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ትንሸራተታለች፣ ስሌቱንም ጥላው ትሄዳለች። በ1965፣ በ1967 እና በ1969 ትራንስፓክን ያሸነፉት ሦስቱም ካል 40 ናቸው። ማዶ አትላንቲክ ላይም በ1966 የቤርሙዳን ውድድር ተንደርበርድ የተባለችው እህታቸው ወሰደችው።

አልጋውስ? አንድ አዛውንት የጀልባቸውን ሆድ አስጎብኝተውኛል። ከፊት ያለው ሰፊ አልጋ የሚያስጎመጅ ነው፤ «ወደብ ላይ ብቻ ነው» አሉኝ። ባህር ላይ አፍንጫዋ ሲነሳና ሲወድቅ የተኛውን ወደ ጣሪያ ያነጥረዋል። እውነተኛው መኝታ ከኋላ ግራና ቀኝ ያለው ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ እግር ቀድሞ ይገባል፣ ጭንቅላት ብቻ ውጭ ይቀራል። ምድጃው በሁለት ፒን ተንጠልጥሏል፤ ጀልባዋ ስታጋድል እሱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ጀበና ይዤ ብሄድ ማቶት እንኳ አያሻኝም ብዬ ሳስብ፣ የረከቦቱ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት።

ለሻጭ የማይመቸው ነገር ደግሞ ፋይበር ግላስ አለመበስበሱ ነው። የእንጨቷ አርጅታ ቦታ ትለቅ ነበር። በ1985 ትራንስፓክን በጠቅላላ ያሸነፈችው ሞንትጎመሪ ስትሪት ካል 40 ነበረች፤ ያኔ ሞዴሉ መሠራት ካቆመ አሥር ዓመት አልፎታል። የዚያን ዓመት አዲስ ጀልባ የገዛ ሰው ሆኖሉሉ ሲደርስ ለሚስቱ ምን እንዳላት አላውቅም።