ወሬ ቀድሞ የደረሰው ሰው

ነገሩ የሆነው በ1986 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ ልጆች ነበርን። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ሸኮ ላይ ባለው ቤታችን፣ አባታችን ከመኸሩ ያስቀሩት ጥቂት ጆንያ ጀንፈል ነበር። ሐምሌ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ በዝናብ መጣና፣ «አባቴ፣ ይሻግትብዎታል፤ ባለፈው ዋጋ ልውሰድልዎ» አላቸው። አባታችን አመስግነው ሸጡ።

በሳምንቱ ገበያ ስንወርድ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀን። ለካ ብራዚል ውስጥ በሰኔና በሐምሌ ውርጭ ወርዶ የቡናውን ዛፍ አቃጥሎታል፤ የዓለም ዋጋም በጥቂት ሳምንታት እጥፍ ያህል ሆኗል። ሰውየው ይህን ያውቃል፤ እኛ አናውቅም።

«ገበያ እብድ ነው» አሉ አባታችን። ዛሬ ስናስበው ግን ገበያው አላበደም። ውርጩ የጎዳው የመጪውን ዓመት ምርት ነው። ነገ እንደሚያንስ የታወቀ ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይወደዳል። ዋጋ አዲስ ወሬ ሲደርሰው ይዘላል፤ ጉዳቱ ከተፈራው ያነሰ መሆኑ ሲሰማም ይወርዳል።

በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ፣ የዕለቱ ዋጋ በሰሌዳና በስልክ ይታወቅ ጀመር። ያን ጊዜ «ዋጋው በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ድሮ ይሻል ነበር» የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩን። ድሮም ይለዋወጥ ነበር፤ የሚያየው ግን ሌላ ሰው ነበር። የእኛ ጸጥታ የዋጋ መርጋት ሳይሆን አለማወቅ ነበር።

ውድ አንባብያን! መዲና ውስጥ ዋጋ በናረ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ይተምኑልን» ተብለው አልተመኑም። ሸቀጥ ይዞ የሚመጣን ሰው ግን ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል፤ ሻጩም ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ መብት ሰጥተውታል። ሳይገዙ ዋጋ ማናርንም (ነጅሽን) ከልክለዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የዋጋው መውጣትና መውረድ ሳይሆን፣ እውነቱን ደብቆ መግዛትና ሐሰት መንዛት ነው።

ዛሬ ከእኛም ቤት ቡና ሰብሳቢ ወጥቷል። ባለፈው መኸር አንዱ ወንድማችን ዋጋ መጨመሩን ጠዋት በስልክ ሰምቶ፣ ከአንድ አዛውንት በትናንቱ ዋጋ ገዛ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ አደረና በማግስቱ ልዩነቱን ይዞላቸው ሄደ። አዛውንቱ ገንዘቡን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ አላህ ይቀበልህ። ለከርሞው ግን ከገንዘቡ በፊት ወሬውን አምጣልኝ» አሉት።

እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።