ዳታቤዙ ዝም ሲል፦ ከተሞክሮዬ

1. ዝምታ ከስሕተት መልእክት ይከፋል።
ግሪንፕለም በተባለው ዳታቤዝ ላይ የምናሠራው የወር መዝጊያ ሪፖርት ድንገት መንቀርፈፍ ጀመረ። የስሕተት መልእክት አልነበረም፤ ውጤቱም ትክክል ነበር። ስለዚህ ችግሩን ዲስኩና ኔትወርኩ ላይ ስፈልግ ሰነበትሁ። ነገሩ ሌላ ነበር። ግሪንፕለም ጂፖርካ የሚባል ኦፕቲማይዘር አለው፤ ኩዌሪው ውስጥ የማይደግፈው ነገር ሲገጥመው ሥራውን ከፖስትግሬስ ለተወረሰው ፕላነር ይለቃል። መልቀቁ መልካም ነው፤ ሪፖርቱ አይቆምምና። እኛ ዘንድ ግን «ኦፕቲማይዘር ትሬስ ፎልባክ» የተባለው ቅንብር ተዘግቶ ስለነበር መልቀቁን የነገረን የለም። ስከፍተው ምክንያቱ ወዲያው ታየ። ከዚያ ወዲህ «ኤክስፕሌይን» ባልሁ ቁጥር ቀድሜ የማየው መጨረሻውን ነው፤ ፕላኑን የትኛው ኦፕቲማይዘር እንዳወጣው እዚያ ተጽፏል።

2. ሂንት በየዳታቤዙ ክብደቱ ይለያያል።
ኤስኪውኤል ሰርቨር በተሰጠው ሂንት (ኩዌሪው ውስጥ ለኦፕቲማይዘር በምንጽፈው መመሪያ) ፕላን ማውጣት ካልቻለ ስሕተት 8622 ብሎ ይቆማል። ኤስኪውላይትም «ኢንዴክስድ ባይ» ተብሎ የታዘዘው ኢንዴክስ ከሌለ ኩዌሪውን አይቀበልም። ይህን ጥብቅነት ድሮ አልወደውም ነበር። ኦራክል ግን ሊጠቀምበት ያልቻለውን ሂንት ዝም ብሎ ያልፈዋል። በጽዳት ሰበብ አንድ ኢንዴክስ ተሰርዞ፣ ሂንቱ ግን እንደተጻፈ ቀርቶ፣ ሥራው ሲጎተት ካየሁ በኋላ ጥብቆቹን መረጥሁ። ኦራክል የትኛው ሂንት እንደሠራና እንዳልሠራ የሚዘረዝር ሪፖርት በ19ሲ አምጥቷል፤ ተጠቀሙበት።

3. ከባዱ ስሕተት ማስጠንቀቂያ የለውም።
ኦፕቲማይዘር ፕላን የሚመርጠው ስንት ረድፍ እንደሚመጣ ገምቶ ነው። ከ1970ዎቹ የአይቢኤም ሲስተም አር ጀምሮ የተለመደው ስሌት ዓምዶች እርስ በርስ አይገናኙም ከሚል ይነሣል። «ከተማ ሐዋሳ፣ ክልል ሲዳማ» ብለን ስንጠይቅ ሁለቱን ድርሻዎች ያባዛል፤ ሐዋሳ ያለ ሁሉ ሲዳማ ውስጥ መሆኑን አያውቅም። ከአሥር ረድፍ አንዱ ሐዋሳ፣ ከአምስት አንዱ ሲዳማ ቢሆን ከመቶ ሁለት ይጠብቃል፤ የሚመጣው አሥር ነው። ጆይን በተደራረበ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ሊሄድ ይችላል። መሳሳቱን ስለማያውቅ ሊያስጠነቅቅም አይችልም። ድሮ ማስጠንቀቂያ ካላየሁ ፕላኑን አምን ነበር፤ አሁን በ«ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ግምቱንና እውነተኛውን ቁጥር ጎን ለጎን አነባለሁ። ፖስትግሬስ ላይ ከቅጂ 10 ወዲህ በ«ክሪኤት ስታቲስቲክስ» ዓምዶቹ ተያያዥ መሆናቸውን መንገር ይቻላል። ከዚያ በኋላ «አናላይዝ» ማስኬድ የግድ ነው።

4. ማስጠንቀቂያ ለሚያርመው ሰው መድረስ አለበት።
ማይኤስኪውኤል አጻጻፉ የተበላሸ የኦፕቲማይዘር ሂንት ሲያገኝ አስጠንቅቆ ብቻ ይቀጥላል። አፕሊኬሽኑ «ሾው ዋርኒንግስ» ብሎ ካልጠየቀ ዝርዝሩን ማንም አያየውም። አፕሊኬሽን የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ቢያንስ በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች ሎግ ውስጥ አስገቡ፤ የሚያነባቸውንም ሰው በስም መድቡ።