መድኃኒቱና ትንፋሹ

ሰው እንጀራ ቢያጣ ብዙ ቀን ይቈያል፤ ትንፋሽ ቢያጣ ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይታገሥም። ይህን ኹላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን የገዛ ወገናችን ትንፋሽ ሲያጥረው እስክናይ ድረስ ልብ አንለውም።

እናታችን የሚኖሩት በቆሰበር ነው። ብርዱና ዝናቡ በር በሚያስዘጋበት በዚያ ደጋ ዕድሜያቸውን ከምድጃ ጢስ ጋራ አሳለፉ። ትንባሆ ከቶ አልቀመሱም፤ ኾኖም ሐኪም መርምሮ የትንፋሻቸው ቧንቧ እንደ ጠበበና ሕመሙም ሥር እንደ ሰደደ ነገረን፤ በአፍ የሚሳብ ሳልቡታሞልም አዘዘላቸው። እኛም ገዝተን ሰጠናቸውና ግዳጃችንን የፈጸምን መሰለን።

ከወር በኋላ ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ይኸ ነገር ለምላሴ ይመራል እንጂ ደረቴ አይደርስም» አሉን። እኛም ፊደል ቈጥረናልና፣ መድኃኒቱን ናቁት ብለን ተቈጣን። በኋላ ግን አንዲት ነርስ ሲስቡ አይታ፣ መድኃኒቱ በእውነት ከምላሳቸው ላይ ይቀር እንደ ነበረ አስረዳችን፤ አፈርንም።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ለሕዝብ የወጣው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1956 ነው። ሳልቡታሞል በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያላላል፤ በጥቂት ደቂቃም በሳንባ ታግቶ የነበረው አየር መውጫ ያገኛል፤ ኃይሉም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቈያል። ጢስ ያበላሸውን ሳንባ ግን አያድስም።

ለዚህም መሣሪያውን መነቅነቅ፣ አየርን አስቀድሞ ማስወጣት፣ እየተጫኑ በዝግታ መሳብ፣ 10 ሰከንድ ያህልም ትንፋሽን መያዝ ያሻል። እጅና ትንፋሽ አልተባበር ላለው ሰው ደግሞ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የላስቲክ ጠርሙስ ይረዳዋል፤ ግርጌው በመሣሪያው አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው ይደፈናል፤ በሽተኛውም በጠርሙሱ አፍ ይስባል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ ይህ ጠርሙስ አስም ለያዛቸው ሕፃናት ከፋብሪካው ዕቃ እንደማያንስ አሳይቷል።

ዛሬ እናታችን በጠርሙስ ይስባሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሦስት ጊዜ ያርፉ የነበሩት አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ያርፋሉ። ምድጃውንም ከመኝታው ለይተን ጢስ መውጫ አበጀንለት፤ ጢሱ ሳይርቅ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃምና።

እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ደብዳቤ ወጪ ሲኾን «ተፈጽሟል» ብለን መዝገቡን መዝጋት ልማዳችን ነው። በእናታችንም ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለ በሽተኛ ቢኖር፣ ሲስብ አጠገቡ ኾነህ ተመልከት፤ መድኃኒቱ አይደርስም ቢልህም ከመቈጣትህ በፊት አድምጠው።