ላቲን ምን ያደርግላችኋል?

በእስራኤል ላቲን የሚያስተምር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ የለም። እኛ በተማርንበት ግን በምርጫ ይሰጥ ስለነበር ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጣን አራት ልጆች ተመዘገብን። እናቶቻችን «እንጀራ ይሆናችኋል ወይ?» አሉን። አባቶቻችን ደግሞ «ቤተ መቅደሱን ያፈረሱት ሰዎች ቋንቋ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁን።

አባቶቻችን እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱን ያቃጠለው የቲቶ ጦር ነው፤ ሮም ከተማ በሚገኘው የቲቶ ቅስት ላይ ወታደሮቹ ሜኖራውን ተሸክመው ሲሄዱ ዛሬም ተቀርጾ ይታያል። እዚሁ አገራችን ውስጥም ጽሑፋቸው አለ። በ1961 ቂሳርያ ላይ የተገኘው ድንጋይ የጲላጦስን ስምና ሹመት በላቲን ይዟል። ያሸነፈን ሰው የጻፈውን ራሳችን ማንበብ ከቻልን፣ ሌላው እስኪተረጉምልን አንጠብቅም።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ቃል መፍታት መማራችን ነው። በዕብራይስጥ «ሳፍሳል» የምንለው አግዳሚ ወንበር ከላቲኑ «ሱብሴሊዩም»፣ «ቪሎን» የምንለው መጋረጃም ከ«ቬሉም» የመጣ ነው።

«ክሊየንስ» የሚባል ሮማዊ በማለዳ ከባለጸጋ ደጅ ቆሞ እጅ ይነሳ ነበር። «ፓትሮኑስ» የተባለው ባለጸጋም ምግብ ወይም ጥቂት ገንዘብ ይሰጠው፣ በፍርድ ቤትም ይቆምለት ነበር። በእኛ አማርኛ ይህ ደጅ መጥናት ነው። ዛሬ ሁለታችን ሶሻል ወርክ እንማራለን፤ የእንግሊዝኛ መጻሕፍታችን እርዳታ ፈልጎ የመጣውን ሰው «ክላይንት» ይሉታል፣ ያው ቃል ነው። ወላጆቻችን በቢሮ መስኮት ፊት ወረፋ ይዘው፣ እኛ በልጅነታችን ዕብራይስጡን እያስተረጎምንላቸው ስላደግን፣ ይህን ቃል ዝም ብለን አናልፈውም። የምንማረው እኛም በተራችን ሰው ደጅ ለማስጠናት አይደለም።

«ፋሚሊያ» ደግሞ ለሮማውያን ወላጅና ልጅ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ አባወራ ሥልጣን ሥር ያለውን ሁሉ፣ ባሪያውንም ጭምር ያጠቃልላል። ይህን የተማርን ቀን «ቤተሰብ»ን ፈታን፤ ከግዕዙ «ቤተ ሰብእ» የመጣ ነው፣ የሰዎች ቤት ማለት። ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ብዛት» ሲባል እናቶቻችን አያቲቱንና የአጎትን ልጅ የሚቆጥሩት ጥያቄው ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ቃሉ እንደሚያዘው ነው የሚቆጥሩት። ቅጹን የሚሞላው ባለሙያ ይህን ካላወቀ፣ አያቲቱ ከእርዳታውም ከዕቅዱም ውጭ ትቀራለች።

ላቲንን ዛሬ አፉን የፈታበት ሰው እንደሌለ ስንነግራት፣ ከእናቶቻችን አንዷ «እንደ ቄሶቻችን ግዕዝ በሉኛ!» አለችን። በሲግድ ቄሶቻችን ከኦሪት በግዕዝ እያነበቡ በአማርኛና በትግርኛ ይተረጉሙልናል። ለላቲን መምህር፣ መዝገበ ቃላትና ፈተና ነበረን። ስለ ግዕዝ ግን በትምህርት ቤት የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። ከአገር ቤት ተምረው የመጡት ቄሶች ደግሞ እያረጁ ነው።

ስለዚህ በመጪው ሲግድ ኢየሩሳሌም ስትወጡ፣ ከጸሎቱ በኋላ አንድ ቄስ ቀርባችሁ የአንዲት ቃል ፍቺ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጽፋችሁ ያዙ። እኛ ከ«ቤተሰብ» ጀምረናል።