ዘመንም ስም ያወጣል
ከተሞክሮዬ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በወሎ፣ ሐይቅና ውጫሌ በመምህርነት ስሠራ ግን፣ በየመስከረሙ ተማሪ ስመዘግብ፣ ዘመንም ስም እንደሚያወጣ አየሁ። ከዚያ መዝገብ የተማርኩት ይህ ነው።

1. ስም ዓመቱን ይናገራል። ነፃነት የሚባሉ አዛውንት ሲያጋጥሙኝ ጣሊያን የወጣበት 1933 ትዝ ይለኛል። አብዮት የሚባል ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ 1966ንና ተከታዮቹን ዓመታት አስባለሁ። ሕዳሴ የተባለች ሕፃን ደግሞ የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠበት ከመጋቢት 2003 ወዲህ የተወለደች ሳትሆን አትቀርም። ልጅ፣ አባትና አያት በአንድ መስመር ሲጻፉ ሦስት መንግሥት ጎን ለጎን ይሰለፋል።

2. የቤት ስም የሁሉም ነው። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በአርባ፣ ሴት ልጁን በሰማንያ ቀን ሲያስጠምቅ የክርስትና ስም ከቤተ ክርስቲያን ይቀበላል፤ ሙስሊሙም ከሃይማኖቱ ስም ይመርጣል። በወሎ ግን አንዱ ቤተ ዘመድ ሁለቱንም ሃይማኖት ይይዛል። ሰላም፣ አንድነት፣ ኅብረት የሚሉት ስሞች የሚወደዱት ለዚህ ይመስለኛል፤ መስጊድ የሚሄደው አጎትም ቤተ ክርስቲያን የምትስመው አክስትም እኩል ይጠሯቸዋል።

3. በሥልጣን የመጣ ስም ጥርጣሬን አያጠፋም። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ዘመን፣ የወሎው መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሡ። የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ፤ ስማቸውም ሚካኤል ሆነ። በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ተባሉ። ሆኖም በመስከረም 1909 ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘነበሉ የሚል ነበር። ንጉሥ ሚካኤልም በዚያው ዓመት ጥቅምት ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከአባት ስም መለወጥ ወዲህ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አሮጌው የሃይማኖት ጥያቄ በልጁ ላይ ተነሣ። ለእኔ ከሁሉም የከበደው ትምህርት ይህ ነው፦ የሰውን ስም መለወጥ ይቻላል፣ አብሮ መኖርን ግን በስም ማዘዝ አይቻልም።

4. አንዳንድ ስም የሙታን አደራ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ለገሠ ዜናዊ በትግል ዘመናቸው መለስ የተባሉት ደርግ በገደለው በመለስ ተክሌ መታሰቢያ ነው። በሶቪየት ኅብረትም ከቭላዲሚር ሌኒን ተቆርጦ የተሠራ ቭላድሌን የሚባል ስም ለብዙ ሕፃናት ወጥቷል። አንዱ ለሞተ ጓድ፣ ሌላው ለመሪ ክብር ነው፤ ሁለቱም ለተሸካሚው ሸክም አላቸው።

5. ከመገመት መጠየቅ ይሻላል። ዘውዱ የተባለ ሁሉ የዘውድ ደጋፊ ቤተሰብ ልጅ አይደለም፤ እናቱ «የራሴ ዘውድ» ብላው ሊሆን ይችላል። አንዲት የውጫሌ እናት ስለ ልጇ ስለ ሰላም ስጠይቃት፣ «ጋሼ፣ የመንግሥቱን ሰላም አላውቅም፤ እሷ ስትወለድ ነው የሁለታችን ቤተሰብ የታረቀው» አለችኝ።

6. ልጅ በስሙ አይጠየቅም። ደርግ በ1983 ሲወድቅ አብዮት የተባሉት ገና ወጣቶች ነበሩ። ስሙን የመረጡት ወላጆች ናቸው፤ የመረጡትም መሬት ላራሹ በታወጀበት በ1967 ተስፋ ስለነበራቸው ነው። በስም ቀልዶ የሚያሳፍር የክፍል ጓደኛ ካለ፣ መምህሩ ያንን ተስፋ ለክፍሉ ማስረዳት አለበት።

7. ከሰው ስም ምኞት ይበልጣል። ምክር ለሚጠይቀኝ ወላጅ፣ በሥልጣን ላይ ባለ ሰው ስም ልጅህን አትጥራ እላለሁ። የመሪ ስም ከወንበሩ ጋር ይወርዳል፤ ሰላምና ነፃነት ግን መንግሥት ቢለወጥም ያስፈልጋሉ። ምክንያቱንም ለልጁ ንገረው፤ በልደት ካርዱ ላይ ስሙ እንጂ ለምን እንደወጣ አይጻፍም።