የዱባ ፓንኬክና የተምር ሽሮፕ በአሊዩ አምባ



ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። አንድ ልብስ ሰፊ ምግብ አዘጋጅቶ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ይጠራቸዋል፤ አነስም አብረዋቸው ይሄዳሉ። የቀረበው የገብስ ዳቦና ዱባእ ከቋንጣ ጋር የተቀቀለበት መረቅ ነበር። አነስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሳህኑ ዙሪያ ዱባኡን እየፈለጉ ሲበሉ ያያሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውም ዱባእን እየወደዱ እንደኖሩ ይናገራሉ።

«ዱባእ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ ከገበያ የምንገዛው ቢጫ ዱባ ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ወደቀረው ዓለም የተሻገረው ከ1492 በኋላ ነው። ስለዚህ በመዲና የተበላው ዱባእ ለእኛ ቅል የሚቀርብ፣ ለጋ ሳለ የሚበላ ተክል ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚሉት ለዚህ ጉዳይም ይሠራል። ስሙ ተወራርሶ ተክሉ ተለወጠ። እኔ ግን ሐዲሱን ስሰማ ልቤ የሚያርፈው ማዕዱ ላይ ነው። ጋባዡ በመርፌ የሚያድር ሰው ነው፤ እንግዳው የአላህ መልእክተኛ ናቸው፤ አብሮ የተገኘው ደግሞ እሳቸውን የሚያገለግል ወጣት ነው። አገልጋዩ በር ላይ ቆሞ አልጠበቀም፤ ከማዕዱ ቀርቧል።

ይህን ያነሳሁት ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ቤታችን ስለተሠራ አንድ ምሳ ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ነው።

አገሬ አሊዩ አምባ ነው፤ ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ የሚገኝ ከተማ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ በረሃውን አቋርጠው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያራግፉበት ገበያ ነበር። ገበያው የሚቆመው ዓርብ ዓርብ ነው፤ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጥጥና እህል ይገበያዩበት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርለስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያው ተቀምጦ፣ ያየውን በ1844 በመጽሐፍ አሳትሟል። ከሩቅ የመጣን ነገር የራስ ማድረግ ለአሊዩ አምባ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ዛሬ ከሩቅ የሚመጣው በግመል አይደለም። ሳዑዲና ኩዌት ልጅ ያልላከ ቤት በሰፈራችን ማግኘት ይቸግራል። ታላቅ እህቴም አምስት ዓመት ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። የቤታችን ቆርቆሮ የእሷ ነው፤ እኔ ግቢ ስገባ የያዝኩት ሻንጣ የእሷ ነው፤ ውስጡ የነበረው ልብስም የእሷ ነው።

እረፍት ስገባ ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ግድም ቀርቶት ነበር። ከጣራ ሥር በመኸር የተሰበሰቡ ዱባዎች ተደርድረዋል። ዱባ እንጨቱ ሳይነቀል ከተቆረጠና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። እናቴ ለወጥ ልትከትፈው ስትል እህቴ «እማ፣ አንዱን ለእኔ ተይልኝ፤ ለጁሙዓ ምሳ ሌላ ነገር እሠራበታለሁ» አለች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ይሁን ብላ ስትጠይቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም እጄን ታጥቤ ገባሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር ማለታቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ወንድ ማጀት ሲገባ ለሚስቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አሠራሩን እንደነገረችኝ ላስቀምጠው፤ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ትሞክሩታላችሁ።

ዱባው ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ ተቆራርጦ በጥቂት ውኃ ይቀቀላል። ሲበስል ውኃው በወንፊት ይጠለላል፤ ይህ ካልተደረገ ሊጡ ይቀጥንና ምጣድ ላይ ይበታተናል። ከዚያ ይፈጫል ወይም በማንኪያ ይዳጣል። ለአንድ ኩባያ የተዳጠ ዱባ ሁለት ኩባያ ዱቄት ይበቃል። እኛ አንዱን ኩባያ ስንዴ፣ ሌላውን የቆላችንን ማሽላ አደረግነው። ማሽላ ብቻውን አይያያዝም፤ ሲገለበጥ ይሰበራል፤ ስንዴው የሚገባው ለዚህ ነው። ሁለት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ተኩል ወተት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ቀረፋና ሄል ተጨምሮ ይመታል። ሩብ ሰዓት ያህል ይረፍ። ምጣዱ ወይም መጥበሻው በዘይት ታብሶ፣ እሳቱ ለዘብ ብሎ፣ በጭልፋ ይፈሳል። ፊቱ ላይ ዓይን ሲያወጣ ይገለበጣል። ዱባ ያለበት ሊጥ እርጥብ ስለሆነ በብዙ እሳት ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ መቸኮል አያስፈልግም። ፍሬውን አትጣሉ፤ ታጥቦና ደርቆ ሲቆላ ለቡና ቁርስ ይሆናል።

ሽሮፑ ከተምር ነው፤ ዐረቦቹ ዲብስ ይሉታል። ግማሽ ኪሎ ተምር ፍሬው ይወጣና በአራት ኩባያ ውኃ እስኪፈርስ ይቀቀላል። በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ ይጠለላል። የወጣው ጭማቂ በለዘብተኛ እሳት እየተማሰለ ማንኪያ እስኪለብስ ድረስ ይወፍራል። ሲበርድ የበለጠ ስለሚወፍር ከእሳት ቀደም ብሎ ማውጣት ጥሩ ነው። ስኳር አይጨመርበትም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን «ተምር ነው፣ ሱና ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ተምርም ማርም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። ለአያቴ ፓንኬኩን ያለ ሽሮፕ፣ ከእርጎ ጋር ነው ያቀረብንላት።

ትንሹ ወንድሜ ሽሮፕ የሚለውን ሰምቶ «ማን ታሞ ነው?» አለ። ለእሱ ሽሮፕ ማለት ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ የሳል መድኃኒት ነው። ቃሉ «ሸራብ» ከሚለው ዐረብኛ ተነሥቶ አውሮፓን ዞሮ መድኃኒት ሆኖ እኛ ዘንድ እንደደረሰ ብነግረውም አላመነኝም፤ እስኪቀምሰው ድረስ። አያቴ ደግሞ ፓንኬኩን ገልብጣ አይታ «ይሄማ እንጎቻ ነው፤ ስም ቀይራችሁበት» አለች።

አባቴ ከጁሙዓ ሲመለስ ትሪው ቀረበ። ሁላችንም ከበብን። እህቴ ግን ማሰሮውን ይዛ ማጀቱ በር ላይ ቆመች። ለማስተናገድ መስሎን ነበር። እናቴ «ነይ እንጂ» አለቻት። «ብሉ፣ እኔ በኋላ እበላለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲጨርሱ ነው የበላችው፤ ቆማ፣ ብቻዋን። አካሏ አገሯ ገብቶ ልማዱ እዚያው ቀርቷል።

አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። እጁን ከትሪው አነሳና «አንቺ ሳትቀመጪ ይህ ምግብ አይነካም፤ ልጄ፣ ያንቺ ቦታ እዚህ ነው» ብሎ ከጎኑ ጠጋ አለላት። ትንሹ ወንድሜ ሽሮፕ የተነከረ ጣቱን እንደያዘ ቀረ። ፓንኬኩ ይቀዘቅዛል፤ ማንም አልነካውም። ትንሽ ቆይታ መጣች፤ ቢስሚላህ ብላ ቆረሰች። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ዱባ ብቻ ነበር።

እህቴ ተመልሳ ልትሄድ እንደሆነ እስካሁን አልወሰነችም። እዚህ ሆና ምን ትሠራለች የሚለው ጥያቄ በአንድ ምሳ አይመለስም። ሰው ከልጅነቱ ወጥቶ በሰው ማጀት ካደገ በኋላ አገሩ እንደገና እስኪላመደው ጊዜ ይፈልጋል፤ ቤተሰብም ከእሷ ገንዘብ ውጭ እሷን ማወቅ ይኖርበታል። የዚያን ቀን የተጀመረው ይኼኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ በመስጊዳችን ሰፍ ውስጥ ግራና ቀኜን ሳይ ደብተሩ በእህቱ ላብ የተገዛ ብዙ ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ሲላቱ ረሒም በስልክ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ገንዘቡ ደርሶኛል» ከማለት ይሰፋል። ቤት ስትገቡ የሚያበስለውን ሰው ተመልከቱ፤ መቼ ይበላል? የት ተቀምጦ? ከማን ጋር? ረመዷን ሲገባ ኢፍጣር ሲደርስ ሁሉም ተምር ይዞ አዛን ሲጠብቅ፣ ማጀት ውስጥ ሳምቡሳ እየጠበሰች አዛኑ የሚያልፍባት እናት ወይም እህት ትኖራለች። እሳቱን ለአንድ ቀን ተቀበሏት። ዱባ ርካሽ ነው፤ አሠራሩንም ከላይ ጽፌላችኋለሁ። እሷ ስትቀመጥ እናንተ አቅርቡ።

አላህ (ሱ.ወ) በስደት ያሉ እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።