«ሂጂ፣ አላየሁሽም»

እኔ የምለው… ሮቦትና በራሪ መኪና ያለበት ታሪክ ጻፉ ብትባሉ ቦታውን የት ታደርጉታላችሁ? እኔ ለሁለት ወር ያህል ኒውዮርክ አድርጌው ነበር። (ኒውዮርክን የማውቃት በፊልም ብቻ ነው።) ዋናው ገጸ ባህሪዬም ጃክ ይባል ነበር። አትሳቁ! ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከበራችን ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የሚያየው እንጦጦን ነው። ጃክ እዚህ ምን ይሠራል?

ከጃክ ያላቀቀኝ «ክረምብስ» የሚባል ፊልም ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን ቀርጾ በ2007 ዓ.ም ለእይታ ያበቃው ነው። ዓለም ካለቀላት በኋላ ሰማይ ላይ ለዘመናት ተገትሮ የቀረ መንኮራኩር፣ እንደ ውድ ቅርስ የሚከበሩ የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ በመሀል ደግሞ ዳንኤል ታደሰ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። ግን በአማርኛ የሚያወራ ሰው ቀና ብሎ መንኮራኩር ሲያይ ሳየው «ለካ ይቻላል!» አልኩ። ጃክን በዚያው ሳምንት አሰናበትኩት።

በምትኩ አያቴን አስገባሁ። እምዬ ነው የምንላት። እምዬ 20 ዓመት ገደማ የእንጦጦን ባህር ዛፍ በጀርባዋ ተሸክማ አውርዳለች። ሌሊት 10 ሰዓት ትወጣለች፣ ጭራሮና ቅጠል ትለቅማለች፣ ዘበኛ ካልያዛት ረፋዱ ላይ ወርዳ እንጀራ ለሚጋግሩ ትሸጣለች። እስከ ዛሬ ቀና ብላ አትሄድም።

ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ማለዳ አብረን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠናል። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከቻይና ልትመጥቅ ነው። መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እዚሁ እንጦጦ፣ 1 ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለቱ ቴሌስኮፖች ያሉበት ግቢ ነው። እኔ በደስታ ልፈነዳ! እምዬ ግን ጥያቄ ነበራት።

«ምን ያህል ትመዝናለች?»

«70 ኪሎ ገደማ።»

«ሁለት ሸክም» አለች። «ምን ትሠራለች?»

«እርሻውን፣ ደኑን፣ ሁሉን ከላይ ሆና ታያለች።»

ትንሽ ዝም ብላ «እንግዲያው ዘበኛው ሰማይ ላይ ወጣ በለኛ!» አለች።

ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው የምትዞረው፣ ሰው ለይታ ማየት አትችልም፣ ለግብርናና ለአየር ንብረት ጥናት ናት ብዬ አስረዳሁ። «ዛሬ አታይ ይሆናል» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ሳይንስ ልብ ወለድ በሦስት ቃል ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ እንጦጦን ሳይ የሚገርመኝ ቴሌስኮፑ ሳይሆን ዛፉ ነው። ባህር ዛፍ የዘመኑ ቴክኖሎጂ ነበር እኮ! በአፄ ምኒልክ ጊዜ የአካባቢው እንጨት አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቢቆርጡት እንደገና የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ነው አዲስ አበባን እዚህ ያስቀራት። ብዙም ሳይቆይ ግን «ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ፣ ይነቀል» ተባለ። ማን ይነቅለዋል? ከተማው በሙሉ የሚያበስለው በሱ ነበር። እምዬም አራት ልጆች ያሳደገችው በዚህ ዛፍ ነው፤ ወገቧን የሰበረውም እሱ ነው። «ትወጂዋለሽ ወይስ ትጠዪዋለሽ?» ብላት እንደ ጅል አየችኝ።

የኤሌክትሪክ ምጣድም እንዲሁ። የስንት እናት ዓይን ከጭስ ገላገለ፤ እምዬን ግን ደንበኞቿን አሳጣት። መብራት የጠፋ ዕለት ብቻ ትፈለጋለች። (ቴሌስኮፖቹ ደግሞ ችግራቸው የመብራቱ መብዛት ነው፤ የከተማው ብርሃን ሰማዩን እያደበዘዘ ኮከብ ይሸፍንባቸዋል። ከአንድ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ለመብራት ይጸልይ ወይስ ለጨለማ?)

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ዘመኑ 2092 ዓ.ም ነው። እንጦጦ ላይ ሰው የሆነ ዘበኛ የለም። እያንዳንዱን ዛፍ ከሰማይ የሚቆጥር ዓይን አለ። አንዲት ሴት ሌሊት ሽቅብ ትወጣለች። ሦስት ገጽ ጽፌ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ለእምዬ አነበብኩላት። የሰማዩን ዓይን ጨካኝ አድርጌ ስዬው ነበር፤ የምትወደው መስሎኝ።

«ክፉ አይደለም» አለች። «ሥራውን ነው የሚሠራው። እኛንም ይዘው የሚደበድቡ ነበሩ፣ ገመዳችንን የሚቀሙ ነበሩ። አንዱ ግን፣ ሽማግሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞርና ‹ሂጂ፣ አላየሁሽም› ይለኝ ነበር።» ሲኒዋን አስቀመጠች። «ያንተኛው እንደሱ ይላል?»

አልጻፍኩትም ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ሴትየዋ ሸክሟን እንዳዘለች ቆማለች፣ ዓይኑም ከላይ አለ። ካነበብኩላት ሳምንት ሆነኝ፣ እስካሁን አንዳቸውንም አላናገርኳቸውም።